ለሃምሳ ሰው ጌጡ፦ የፋሲካ ደስታ በታከር ለምን አጠረ?

ቀዳም ሥዑር ነው፤ ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው። ከአትላንታ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በዲካልብ ካውንቲ በምትገኘው ታከር፣ ነጠላ የለበሱ ቤተሰቦች ለሌሊቱ ቅዳሴ ይሰናዳሉ። ልጆች እንቅልፍ ሲጥላቸው የሚለብሱት ብርድ ልብስ ከወዲሁ መኪና ውስጥ ተቀምጧል። ጠዋት ካህናቱ ያደሉት ቀጤማ በአንዳንዱ ራስ ላይ እንደታሰረ ነው። ከየቤቱ የዶሮ ወጥ ቁሌት ይሸታል። በዚያው ሰዓት፣ ከዚያው ሰፈር፣ አንዲት ነርስ የሥራ ልብሷን ለብሳ በኢንተርስቴት 285 ወደ ሆስፒታል ትነዳለች። ፈረቃዋ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ማለዳው አንድ ሰዓት ነው። ሃምሳ አምስቱን ቀን ሳታጓድል ጾማለች፤ ባልደረቦቿ በምሳ ክፍሉ ሥጋና አይብ ሲበሉ እርሷ ምስሯን በልታለች፤ ለምን እንደሆነ ለጠየቋትም በትዕግሥት አስረድታለች። ሌሊት የትንሣኤው ብሥራት ሲታወጅ ግን በአንድ ጆሮዋ የስልክ ማዳመጫ ሰክታ፣ በሌላው የሕመምተኛ ደወል እየጠበቀች ትሰማዋለች።

ይህች ሴት ለምሳሌ የተሣለች ናት፤ ሆኖም በታከርም ሆነ በአጎራባቿ በክላርክስተን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ስሟን ቢጠየቅ ሦስትና አራት እርሷን መሰል ሰዎች ከመጥራት አይቸገርም። አንዱ የአየር ማረፊያ ሠራተኛ፣ ሌላው የመጋዘን ተቆጣጣሪ፣ ሌላው የታክሲ ሾፌር ነው። የሁሉም ታሪክ አንድ እንቆቅልሽ ያነሣል። ጾሙን ያላጣ ሰው ፋሲካውን ለምን ያጣል? የተለመደው መልስ እምነት ቀዝቅዟል ወይም ኑሮ ከብዷል የሚል ነው። ሁለቱም መልሶች ነገሩን አይፈቱትም። እምነቱ ቢቀዘቅዝ ኖሮ ቀድሞ የሚቀረው ጾሙ ነበር፤ ጾሙ ከበዓሉ ይልቅ ይከብዳልና። ገንዘብም ቢሆን ችግሩ አይደለም፤ በጆርጂያ የዶሮ ዋጋ የማንንም በዓል አያስቀርም። የጎደለው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም አብሮ የሚገኝ ጊዜ ነው።

ሃምሳ አምስት እና ሃምሳ

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በትንሣኤ ግራና ቀኝ ሁለት ታላላቅ ወቅቶችን አቁማለች። በፊቱ 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም አለ፤ ከዘወረደ ተነሥቶ በቅድስት፣ በምኵራብ፣ በመጻጉዕ፣ በደብረ ዘይት፣ በገብር ኄርና በኒቆዲሞስ አልፎ በሆሣዕና ወደ ሰሙነ ሕማማት ይገባል። በኋላው ደግሞ እስከ ጰራቅሊጦስ የሚዘልቀው በዓለ ሃምሳ አለ። በእነዚህ 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ ስግደትም የለም። የመጀመሪያው ሳምንት ቀናት ለየራሳቸው ስም ወጥቶላቸዋል፤ ሰኞ ማዕዶት፣ ማክሰኞ ቶማስ፣ ረቡዕ አልዓዛር፣ ሐሙስ አዳም፣ ዓርብ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ቅዱሳት አንስት፣ እሑድ ዳግም ትንሣኤ ይባላሉ።

ከዚህ አቆጣጠር የሚገኘው ትምህርት ብዙ ጊዜ አይስተዋልም። በዚህ ሥርዓት ደስታ የጾም ማብቂያ ብቻ አይደለም። እንደ ጾሙ ሁሉ የተቆጠረ፣ የታዘዘና ርዝመት ያለው ወቅት ነው። ሁለቱ ወቅቶች ሊተካከሉ ጥቂት ቀናት ብቻ ይቀራቸዋል። አባቶች ሰው መከራን መለማመድ እንዳለበት ሁሉ ደስታንም መለማመድ እንዳለበት የተረዱ ይመስላል።

ሁለቱ ወቅቶች ግን ውቅያኖሱን እኩል አልተሻገሩም። ጾሙ በሰላም ገብቷል። በአትላንታ ዙሪያ ያሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በያይነቱን ያቀርባሉ፤ ሽሮና በርበሬ ከየሱቁ ይገኛል፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚጾም ሰው የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ሃምሳው የደስታ ቀን ግን ተሸራርፎ ከእሑድ ረፋድ እስከ እሑድ ማታ ወዳለው ግማሽ ቀን ወርዷል። ሰኞ ማለዳ የስልኩ ደወል ሲጮኽ ማዕዶት መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ይህን በአሜሪካ የበዓላት ሕግ ማመካኘት ቀላል ነው። በእርግጥ ስቅለት የፌዴራል መንግሥት የዕረፍት ቀን አይደለም። ነገር ግን በኢትዮጵያም ቢሆን ከፋሲካ ማግሥት ያለው ሰኞ የመንግሥት በዓል አይደለም፤ ሠራተኛው ወደ ሥራው ይመለሳል። ልዩነቱ ከሥራ መልስ ነው። ማታ ጎረቤት ቡና ይጠራል፤ የተረፈው ድፎ ዳቦ ይቆረሳል፤ አክፋይ ይዞ ወላጅ ወይም የክርስትና አባት ቤት የሚሄድ አለ። ሰኞን ፋሲካ የሚያደርገው በዓሉን የሚያውቅ ጎረቤት እንጂ የመንግሥት አዋጅ አይደለም። በታከር አንዱ ቤት ከሌላው የሚርቀው በመኪና መንገድ ብቻ አይደለም፤ በፈረቃ ሰዓትም ጭምር ነው።

ሃምሳ ሎሚ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው ስለ ሸክም መጋራት ነው። የኢኮኖሚ ትምህርት ግን በውስጡ ሌላ ቁም ነገር ያገኛል። አንዳንድ ሀብት በአንድ ሰው እጅ ሲሆን ዋጋው ይወርዳል፤ በብዙ ሰው እጅ በአንድ ጊዜ ሲገኝ ግን ይጨምራል። ለዚህ የተለመደው ምሳሌ ስልክ ነው፤ በዓለም ላይ አንድ ስልክ ብቻ ቢኖር ለባለቤቱ ጥቅም የለውም።

ክሪስቶባል ያንግ እና ቼዩን ሊም የተባሉ የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ስለ ጊዜ አሳይተዋል። በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ አሜሪካውያን የተሰበሰበ መረጃ ሲመረምሩ የሠራተኞች ስሜት ቅዳሜና እሑድ ከፍ እንደሚል አዩ፤ ይህ አያስገርምም። የሚያስገርመው ሥራ የሌላቸው ሰዎች ስሜትም በእነዚያው ሁለት ቀናት በተቀራራቢ መጠን ከፍ ማለቱ ነው። ሥራ አጥ ሰው ሰኞም ማክሰኞም ነፃ ነው፤ ያም ሆኖ ነፃነቱ የሚጣፍጠው ሌሎችም ነፃ ሲሆኑ ነው። ትርፍ ሰዓት ብቻውን ደስታ አይሆንም፤ የሌሎች ትርፍ ሰዓት ሊገጥመው ይገባል።

ታሪክም የዚህን ተቃራኒ ሞክሮታል። ሶቪየት ኅብረት በ1929 እ.ኤ.አ. ፋብሪካዎች ያለ ማቋረጥ እንዲሠሩ በማለት የሰባት ቀኑን ሳምንት በአምስት ቀን ተካች። ሠራተኞችን በአምስት ከፍላ ለእያንዳንዱ ቡድን የተለያየ የዕረፍት ቀን ሰጠች። በቁጥር ሲታይ ዕረፍቱ በዛ እንጂ አላነሰም፤ ከሰባት ቀን አንዱ የነበረው ከአምስት አንዱ ሆነ። ነገር ግን ባልና ሚስት፣ ወንድምና እኅት በተለያየ ቀን የሚያርፉ ሆኑ። እሑድም ከነቅዳሴው ተበተነ፤ ይህም ከታሰቡት ውጤቶች አንዱ ነበር። ሥርዓቱ አልዘለቀም፤ በ1931 የጋራ ዕረፍት ባለው የስድስት ቀን ሳምንት ተተካ፤ በ1940 ደግሞ የሰባት ቀኑ ሳምንት ተመለሰ።

የታከር ኢትዮጵያዊ እንዲህ ያለ አዋጅ አልታወጀበትም። የሥራ ገበያው ግን ሳያውጅ ተመሳሳይ ነገር አድርጎበታል። ሆስፒታሉ፣ አየር ማረፊያው፣ መጋዘኑ፣ ነዳጅ ማደያውና የስልክ ታክሲው ሳምንቱን ያለ ማቋረጥ የሚያሠሩ ናቸው፤ አዲስ የመጣ ሰው ቀድሞ ሥራ የሚያገኘውም በእነዚሁ ነው። ዕረፍት አልተነፈገም፤ የተነፈገው የጋራ ዕረፍት ነው። ጾም ለአንድ ሰውም የሚቻል በመሆኑ ይህን ሥርዓት ተቋቁሟል። ደስታ ግን የሃምሳ ሰው ሎሚ ነው፤ ለብቻ ሲያዝ ሸክም ይሆናል። ብቻዋን ዶሮ ሠርታ፣ ብቻዋን የበላች፣ ከዚያ ተኝታ ለሌሊቱ ፈረቃ የተነሣች ሴት ይህን ለመረዳት ጥናት አያስፈልጋትም።

ከምጣኔ ሀብት ወገን የሚነሣ መቃወሚያ አለ፤ በዓል ምርት ይቀንሳል የሚል። መቃወሚያው ከእውነት የራቀ አይደለም። ፊሊፔ ካምፓንቴ እና ዴቪድ ያናጊዛዋ-ድሮት በ2015 እ.ኤ.አ. ስለ ረመዳን ባሳተሙት ጥናት የጾሙ ሰዓት በሚረዝምባቸው ዓመታት ሙስሊም በሚበዛባቸው አገሮች የኢኮኖሚ ዕድገት ዝቅ እንደሚል አግኝተዋል። በዚያው ጥናት ግን የምእመናኑ የሕይወት እርካታ ከፍ ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ዕድገት የሚፈለገው ለምንድን ነው? ለሰው እርካታ ከሆነ በዓሉን በኪሳራ መዝገብ ብቻ ማስፈር የሒሳብ ስሕተት ነው።

የሁለት አቆጣጠር ትርፍ

ጥያቄው እንግዲህ የጋራ ጊዜ እንዴት ይገኛል የሚል ይሆናል። እዚህ ላይ የኢትዮጵያውያን አቆጣጠር ከሌላው መለየቱ እንደ ችግር ብቻ ይታያል፤ ሆኖም የተደበቀ ትርፍ አለው።

በባሕረ ሐሳብ ሕግ መሠረት ትንሣኤ ከመጋቢት 26 አይወርድም፣ ከሚያዝያ 30 አይወጣም። በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ዋለ፤ የምዕራባውያኑ ፋሲካ ካለፈ አምስት ሳምንት ሆኖት ነበር። በ2017 ዓ.ም. ሁለቱ ሚያዝያ 12 ቀን ገጠሙ። በ2018 ዓ.ም. የአንድ ሳምንት፣ በ2019 ዓ.ም. እንደገና የአምስት ሳምንት ልዩነት አላቸው፤ በ2020 ዓ.ም. ሚያዝያ 8 ቀን ዳግመኛ ይገናኛሉ።

ብዙ ሰው ሁለቱ በዓላት የሚገጥሙበትን ዓመት ይመርጣል። ትምህርት ቤቱም ጎረቤቱም በዓል ላይ ይሆናሉና። ለሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በዓላቱ በሚገጥሙበት ዓመት ክርስቲያን የሆነ አሜሪካዊ ባልደረባዋም ያችኑ የእሑድ ማለዳ ይፈልጋታል፤ ፈረቃ የሚለውጣት አታገኝም። በዓላቱ ሲለያዩ ግን ልውውጥ ይቻላል። ኢትዮጵያዊቷ የምዕራባውያኑን ፋሲካ ወይም የዲሴምበር 25ን ሌሊት ትሠራለች፤ ባልደረባዋ ቀዳም ሥዑርን ይሠራላታል። ሁለቱም ርካሽ የሆነላቸውን ሰጥተው ውድ የሆነባቸውን ይቀበላሉ። የንግድ ትምህርት ሀ ሁ ይኸው ነው፤ የሰዎች ፍላጎት መለያየት የልውውጥ ምንጭ ነው።

ሕጉም ከቀድሞው ይልቅ ወደ ሠራተኛው ቀርቧል። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ሰባተኛ ምዕራፍ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ የሠራተኛውን ሃይማኖታዊ ሥርዓት እንዲያስተናግድ ያዝዛል፤ ነገር ግን ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኢምንት ያለፈ ወጪ ካስከተለ ቀጣሪው ሊከለክል ይችላል ተብሎ ሲተረጎም ኖሯል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2023 እ.ኤ.አ. ግሮፍ የተባለ የፖስታ ሠራተኛ በእሑድ ሥራ ምክንያት ባቀረበው ጉዳይ ላይ በሙሉ ድምፅ ይህን ትርጓሜ አስተካክሏል። አሁን ጥያቄውን የማይቀበል ቀጣሪ ማስተናገዱ ከሥራው ጠቅላላ ሁኔታ አንጻር ከፍተኛ ወጪ እንደሚያስከትልበት ማሳየት አለበት። ይህ በየሆስፒታሉና በየመጋዘኑ ያለ ኢትዮጵያዊ ሊያውቀው የሚገባ ለውጥ ነው። ጥያቄው በዋዜማው በቃል ሳይሆን ከወራት በፊት በጽሑፍ ሲቀርብ ደግሞ ኃይል ያገኛል። ባሕረ ሐሳብ ዕለቱን ከብዙ ዓመት በፊት ይናገራል፤ ድንገተኛ በዓል የለም።

የሕጉ ገደብም መዘንጋት የለበትም። የስልክ ታክሲ ሾፌር በሕግ ዓይን ብዙውን ጊዜ የራሱ ተቀጣሪ ነው፤ የሚከሰው ቀጣሪ የለውም። የእርሱ ቀጣሪ የቅዳሜ ማታ ገበያ ነው፤ ፋሲካውም ከሳምንቱ ጥሩ ገቢ ከሚገኝባቸው ሌሊቶች በአንዱ ላይ ይውላል። ለእርሱ ከሕግ ይልቅ የሚረዳው ማኅበረሰቡ ራሱ ነው።

ቶማስ በሌለበት

ከእምነት ወገን የሚነሣው መቃወሚያ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። የትንሣኤ ደስታ ከመቃብሩ ባዶ መሆን እንጂ ከሰው መሰብሰብ አይመጣም፤ ክርስቶስ በእውነት ከተነሣ በሆስፒታል መተላለፊያ ላይ ላለችውም ሴት ተነሥቷል ይባላል። ልክ ነው። የምእመኑ ደስታ በእንግዳ ብዛት የሚጸና ከሆነ ከማንኛውም ግብዣ አይለይም። ይህ እምነት ክብደት የሚኖረው ስለ ስሜት ሳይሆን ሆነ ስለሚባል ነገር በመናገሩ ነው፤ ሞት የመጨረሻውን ቃል እንዳልተናገረ ይመሰክራል። ይህን ያመነ ሰው ብቻውን ቢሆንም ከሐዘን ወዲያ ያለ ነገር ይዟል።

ሆኖም የትንሣኤው ታሪክ ራሱ ስለቀረው ሰው ዝም አላለም። በዮሐንስ ወንጌል ሃያኛ ምዕራፍ ጌታ በመጀመሪያው እሑድ ማታ ለተሰበሰቡት ሲገለጥ ቶማስ አልነበረም። የት እንደሄደ ወንጌሉ አይነግረንም። ወንድሞቹ ያዩትን ሲነግሩት አላመነም፤ በሰው አፍ የደረሰው ደስታ ደስታ አልሆነለትም። ልማድ ተጠራጣሪው ይለዋል፤ በፈረቃ የሚኖር ሰው ግን መጀመሪያ የሚያስተውለው ያልነበረ መሆኑን ነው። ከስምንት ቀን በኋላ የሆነው ነገር ከዚህ ዓይን ሲታይ ድንቅ ነው። ስለ ቀረ አልተተወም፤ ሰላምታው እንደ መጀመሪያው ቀን ተደገመ፤ በዚህ ጊዜ እርሱ ባለበት። ቤተ ክርስቲያን ዳግም ትንሣኤ ብላ የምታከብረው እሑድ ይህን ታስባለች። ትንሣኤው አንድ ጊዜ ነው፤ ደስታው ግን ላልነበረው ሰው ተደግሟል።

ለታከር የሚሆነው መፍትሔ እንግዲህ ከውጭ የሚመጣ አይደለም፤ በመጽሐፉም በአቆጣጠሩም ውስጥ አለ። ዳግም ትንሣኤ በዲያስፖራ ብዙ ጊዜ ተራ እሑድ ሆኖ ያልፋል። በሌሊቱ ቅዳሴ ያልነበሩት የሚጠሩበት፣ ማዕድ የሚዘረጋበት፣ የፈረቃ ሠራተኛ አስቀድሞ ዕረፍት የሚጠይቅበት ሁለተኛ ዕለት ቢሆን ኖሮ የቀዳም ሥዑር ሌሊት ያለፈው ሰው በዓሉን አያጣም። ለሾፌሩም አንድን የቅዳሜ ሌሊት መተው ከባድ ቢሆን አንድን የእሑድ ቀትር መተው ይቀላል።

የተዘጋ በር

ከዚህ ሁሉ በላይ በብዙዎች ልብ ያለ፣ በአደባባይ የማይነገር ጥያቄ አለ። አገር ቤት እንዲህ ሆኖ ሳለ መደሰት ይገባል? የ2013ቱ ፋሲካ በትግራይ ጦርነት መካከል ዋለ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ውስጥም ፋሲካ ደጋግሞ መጥቷል። በታከር ማዕድ ላይ የተቀመጠ ሰው የእናቱ ስልክ ለቀናት አልሠራ ብሎት ሊሆን ይችላል። በአንድ ማዕድ ዙሪያ የተለያየ ሐዘን ያላቸው፣ ስለ ጦርነቱም የማይስማሙ ሰዎች ይቀመጣሉ። ስለዚህ አንዳንዱ ደስታውን እንደ በደል ይቆጥራል፤ ገንዘብ ልኮ፣ በዓሉን ዘሎ ያልፋል።

የመጀመሪያው ትንሣኤ ማታ ግን በሰላም ዘመን አልሆነም። ደቀ መዛሙርቱ ከፍርሃት የተነሣ በር ዘግተው ተቀምጠው ነበር። ሮማውያን ከከተማይቱ አልወጡም፤ የገደሉትም ሰዎች ሥልጣን ላይ ነበሩ። ደስታው የመጣው በሩ ተዘግቶ ሳለ ነው። ለቶማስ የታየው አካልም ቁስሉ የጠፋለት አልነበረም፤ የችንካሩ ምልክት ነበረበት። ይህ እምነት ቁስልን አይክድም። ከቁስሉ ጋር የሚኖር ደስታ እንዳለ ይናገራል እንጂ። የተጎዳ ሕዝብ ደስታውን ጦርነቱ እስኪያልቅ ካቆየው ጦርነቱ ከወሰደበት ላይ ሌላ ይጨምርለታል። ተለያይተው ያዘኑ ሰዎች በአንድ ማዕድ የሚገናኙበት ወቅትም ብዙ አይደለም፤ ሃምሳው ቀን አንዱ ነው።

ምን ይደረግ?

መፍትሔዎቹ ትናንሽ ናቸው። እያንዳንዱ ደብር የሚቀጥሉትን አሥር ዓመታት የበዓላት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር አትሞ ለምእመናኑ ማደል ይችላል፤ ከቀጣሪ ጋር የሚነጋገር ሰው በእጁ የሚይዘው ወረቀት ያገኛል። በደብሩ ያሉ የሕግ ባለሙያዎች ለዕረፍት መጠየቂያ የሚሆን ደብዳቤ አንድ ጊዜ ቢያዘጋጁ መቶ ሰው ይጠቀምበታል። ለሌሊቱ ቅዳሴ አረጋውያንን በመኪና የሚያመላልስና ሕፃናትን የሚጠብቅ ተራ ቢወጣ አንድ ሰው ለሌላው ጊዜ ይሰጣል። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ምእመናንም ትንሣኤን ያከብራሉ፤ ፈረቃ በመለዋወጥና ቤት ለቤት በመጠያየቅ የሚከለክላቸው ልዩነት የለም።

ቅርጫ ለዚህ ጥሩ አርአያ ነው። አንድ በሬ ለአንድ ቤት አይገዛም፤ ብዙ ቤት ገንዘቡን ያዋጣል፤ ሥጋው በእኩል መደብ ተከፍሎ በዕጣ ይታደላል። የማይከፈለውን ነገር ለመካፈል ኢትዮጵያውያን ከጥንት ጀምሮ ዘዴ ነበራቸው። ሃምሳው ቀንም እንዲሁ ሊቀረጥ ይችላል። አንድ ቤት ሃምሳውን ቀን በዓል ማድረግ አይችልም፤ ሃምሳ ቤት ግን እያንዳንዱ አንድ ምሽት ቡና ቢያፈላ ከማዕዶት እስከ ጰራቅሊጦስ በታከር የተከፈተ በር አይጠፋም። የሰኞ ሌሊት የሚሠራው ሐሙስ ይመጣል፤ ሐሙስ የማይመቸው እሑድ ያገኛል።

በዚያች እሑድ ማለዳ ነርሷ ፈረቃዋን ጨርሳ ስትወጣ ምእመናኑ ፈስከው ተኝተዋል። የእርሷን በዓል የሚወስነው በቀጣዮቹ ስምንት ቀናት ውስጥ የሚደውልላት ሰው መኖሩ ነው። ቶማስን ወንድሞቹ አይተናል ብለው ነግረውት ብቻ አልተዉትም፤ በስምንተኛው ቀን እርሱም በመካከላቸው ነበር።